በሬው፣ ፌንጣውና አሻንጉሊቱ

አለቃ የወደቁት ከገዛ አናጺ ቤታቸው ቆጥ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ከወጡበት፣ አግዳሚውን አንድ በአንድ በእጃቸው ካጋደሙት ቆጥ! ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር የጥጉን መስኮት ሊዘጉ መሰላሉን ወጡ። ያንን መስኮት ከእሳቸው በቀር የሚነካ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ከዘጋው ማጠፊያው ይላቀቃል ባይ ነበሩ። እታች ሲሠሩ የነበሩት ሦስት ሰዎች እንጨት ሲሰበር ሰሙ። ዞር ሲሉ አለቃ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተዋል። ሐኪም ተሯሩጦ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን ፊታቸውን ከመሸፈን በቀር የሚሠራው አላገኘም።

ነገሩ አደጋ ተብሎ ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ የወደቀውን አግዳሚ ገልበጥ አድርጎ ባያየው ኖሮ ይዘጋም ነበር። ስብራቱ ግማሹ ብቻ ነው ስብራት። ከላይ በኩል እንጨቱ በመጋዝ ተቆርጧል።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ተጠራች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከኋላዋ «ቁንጫዋ» ይሏታል፤ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጣ ያያት የለም። እሷም ታውቃለች፤ ግድም የላት። ከመኪናው ገና ሳይቆም ወረደች።

ሃምሳ አለቃው በር ላይ ጠበቃት። «ባይደክሙም ጥሩ ነበር፤ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ልጅቷ ናት።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የሟች ልጅ። እሷም እዚሁ አናጺ ናት። ይኸውልዎ፤ ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ እስከ ማታ አልመጣም። በስድስት ሰዓት ሽማግሌው አናጺ እዚያው አግዳሚ ላይ ቆመው ሳንቃ አውርደዋል፤ ምንም አልሆኑም። ስለዚህ የተቆረጠው ከስድስት ሰዓት ወዲህ ነው። ያለ መብራት የሚሠራ መጋዝ ያላት ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ባለ ባትሪ።»

«በተራ የእጅ መጋዝ ቢሆንስ?»

«አይ፣ ጥርሱ የተወው ጭረት ክብ ክብ ነው። ዲስክ ነው የቆረጠው። ደግሞ ከአባቷ ጋር በዚሁ መጋዝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

«እና እስካሁን ለምን አልያዝካትም?»

ሃምሳ አለቃው ጫማውን አየ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አባቷን ትቅበር ብዬ ነው።»

«ጎሽ። እስከዚያ አትንካት» አለችና ገባች።

ውስጡ ጩኸት ነው። መብራቱ ዛሬ መጥቷል፤ ሦስቱም የአለቃን የሬሳ ሣጥን እየሠሩ ነው። ለአለቃ ሣጥን ከሌላ ቤት አይመጣም ብለው፣ ከሌሊቱ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ሦስት ሰው፣ ሦስት ክብ መጋዝ፣ ሦስት ዓይነት ጩኸት። መርማሪዋ በመካከላቸው እየተሽከረከረች ማንም ሳያናግራት አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየች።

መጀመሪያ የጠጋችው የአለቃን ታናሽ ወንድም ነው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ አርባ ያለፈው ሰው ነው። መጋዙም እንደሱ ነው፤ ሞተሩ ከዲስኩ ኋላ የተጋደመ፣ አንድ እጅ የማያነሳው ከባድ ብረት።

«ምን ትሉታላችሁ ይህን?» አለችው።

«በሬው ነው ስሙ።» ዓይኑ ቀልቷል፤ ስለ መጋዙ ሲጠየቅ ግን ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «እርጥብ በለው፣ ጉጥ በለው፣ አይቆምም። ዲስኩ ደግሞ በግራ ነው፤ በቀኝ እጄ ይዤ መስመሬን ቁልጭ አድርጌ አያለሁ። የሽማግሌው የሚሊሜትር መጋዝ፣ ፌንጣው ግን ዲስኩ በቀኝ ነው፤ መስመሩን ለማየት በሞተሩ ላይ አንገትህን ማስገግ አለብህ፤ ብናኙንም ፊትህ ላይ ይተፋብሃል። እሱን ይዞ የሚሠራ ሰው ጤነኛ ነው?»

«ሰማሁህ!» አለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሽማግሌው ቀጭን ድምፅ። «በሬ የሚያርስ እንጂ የሚያንጽ መች አየህ?»

ሁለቱም ከልምድ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሣጥኑን አዩና መልሰው ዘጉት።

«ከወንድምህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ወንድሜ እኮ ነው!» በእጁ ወደ በሩ ጠቆመ። «ልጅቷን ግን ተዉልኝ። አሻንጉሊቷን ይዛ ስትዞር እኔም እስቅባታለሁ። አባቷን ግን አትገድልም። እኔን እሰሩኝ ካላችሁ እሰሩኝ።»

ልጅቷ በር አጠገብ ነበረች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። የባትሪ መጋዟ እንደ ሁለቱ መጋዞች አያጓራም፤ ሲዝ ይላል እንጂ። ዲስኩ ከትንሽ ሳህን አይበልጥም።

«አሻንጉሊት የሚሉት ይህን ነው?»

«አዎ። አባቴ ‹ይኼ አሻንጉሊት ከበሬ ቤት ምን ያደርጋል› ይለኝ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ እንዳላበራው ከልክሎኛል። ጣሪያ ላይ ስወጣ ገመድ የለው፣ ክብደት የለው፣ እኔ ሌላ አልፈልግም አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ስንነታረክ ነበር።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ብናኙ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ። «ዛሬ ይኸው ለሣጥኑ እያበራሁት ነው። ማን ይከለክለኛል?»

«ትናንት ከስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ብቻዬንም ነበርኩ፤ ሁለቱ ለምሳ ወጥተው ነበር። እንደሚወስዱኝ አውቃለሁ። ሃምሳ አለቃው እያየኝ ነው።» ቀና ብላ አየቻት። «ሣጥኑን ልጨርስ ብቻ። ሌላ ምንም አልልም።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋት አለፈች። ማጽናናት አትችልበትም፤ እጇ ግን ትንሽ ቆየ።

ሦስተኛው ሽማግሌው አናጺ ነበሩ። ከአለቃ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ ሽርጣቸው የማይቆሽሽ፣ እርሳሳቸው ከጆሯቸው የማይጠፋ፤ ሥራቸው ዝንፍ ስለማይል ሰዉ ሁሉ ሚሊሜትር ይላቸዋል። መጋዛቸው ፌንጣው ቀላል ነው፤ ሞተሩ በጎን፣ ዲስኩ በቀኝ። የሣጥኑን ወለል የሚሆነውን ሳንቃ እያዘጋጁ ነበር። በቀለም ቀቢዎች ነጭ የወረቀት ፕላስተር ሳንቃውን አግድም ለጠፉበት፣ በላዩ በእርሳስ አሰመሩ፣ ብረት ማስመሪያ አሰሩበት፣ ከዚያ ፌንጣውን አስነሱ። ቁርጡ እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ፕላስተሩ ለምንድን ነው አባባ?»

«ስንጣሪ እንዳያወጣ ነዋ ልጄ። ዲስኩ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፤ ላይኛውን ፊት ይቦጭቀዋል። ፕላስተር ካለ ግን እሺ ብሎ ያልፋል።»

«ይህ እኮ ወለሉ ነው። ማን ያየዋል?»

ሚሊሜትር ፕላስተሩን ቀስ አድርገው ላጡት። «እኔ አውቀዋለሁ።»

«ትናንት በስድስት ሰዓት በአግዳሚው ላይ ቆሜ ነበር ብለዋል።»

«ለምሳ ከመውጣቴ በፊት። ከጥጉ ሳንቃ መርጬ አወረድኩ። ደህና ነበር። በሁለት እግሬ ነው የቆምኩበት!»

«ጠዋትስ ወጥተው ነበር?»

«ጠዋትም ወጥቻለሁ፤ ረዘም ያለ ሳንቃ እዚያው ቆርጬ ነው የማወርደው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።» ፌንጣውን በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። «ልጅቷን ያሳደግናት ሁላችንም ነን። እርሳስ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ነው የማውቀው።»

መርማሪዋ መሰላሉን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ሃምሳ አለቃው እያለከለከ ተከተላት።

ቆጡ ጨለማ ነው፤ አቧራው ጣት ያሰምጣል። ጥጉ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ቁራጭ አግዳሚ አሁንም ከኋላ ግድግዳው ወጥቶ ቀርቷል፤ ርዝመቱ አራት ጣት ብቻ። በግራ በኩል የጎን ግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ነው የሚርቀው።

«መጋዝ ስጠኝ» አለች።

«መጋዝ የለኝም።»

«በእጅህ አድርገው። አግዳሚውን ለመቁረጥ መጋዝህን ከየት ታስገባለህ? በግራ ግድግዳ አለ፤ ቦታ የለም። ከቀኝ ጀምረህ ወደ ግራ ትገፋለህ። ግፋ!»

ሃምሳ አለቃው የሌለ መጋዝ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ገፋ። መሳቅ አማረው፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«አሁን የኋላው ግድግዳ በየት በኩልህ ነው?»

«በቀኜ።»

«በቀኝህ» አለች ለራሷ፤ ወዲያው በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለች። አግዳሚው በሙሉ በአቧራ ጥቁር ብሏል። ከቁርጡ ጠርዝ ጎን ግን ንጹሕ ቦታ አለ፤ እስከ ግድግዳው የማይደርስ፣ ስፋቱ አንድ ጣት፣ ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ። በጣቷ ነካችው። ተጣበቀባት። ወርዳ በወደቀው አግዳሚ ላይ ሌላኛውን ጠርዝ አየች፤ እዚያም ልክ እንደዚያው አንድ ጣት ንጹሕ ቦታ። አንዲት ስንጣሪ የለችም።

የቁርጡን ጥልቀት ለካች። ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል።

«የሟች ልብስ የት ነው?»

ኮቱ በመጣበት ከረጢት ውስጥ ነበር። በኪሱ ገና ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ሜትር ተገኘ፤ ቁጥሮቹ ትልልቅ፣ አንዱ ቁጥር አውራ ጣት የሚያክል። መርማሪዋ ልጅቷን ጠርታ አሳየቻት።

«የአባትሽ ነው?»

«አባቴ ሜትር አይዝም። በክንዱና በእንጨት ዘንጉ ነው የሚለካው። ይኼን… ለማን እንደገዛው አላውቅም።»

መርማሪዋ ሜትሩን ወደ ኪሷ ከተተች። ከጥግ ወደ ጥግ ትመላለስ ጀመር፤ የተላጠ እንጨት በጫማዋ እየገፋች። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን ያያል፤ እሷም ታየዋለች። ሰባት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ከእንጨት ክምሩ ሁለት አሮጌ፣ ጥቀርሻ የመሰሉ ሳንቃዎች መዘዘች፤ አንዱን ይዛ ትንሽ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ሁለቱንም አቅፋ ወደ መሐል መጣች።

«መጋዞቹን አጥፉልኝ።»

 ሦስቱ አናጺዎች በሣጥኑ ዙሪያ ቆሙ፤ ሃምሳ አለቃው በሩን ዘግቶ ተደገፈ።

«ሣጥኑ ወለሉ ብቻ ነው የቀረው፤ አልዘገያችሁም» አለች መርማሪዋ። «አንድ ነገር ብቻ ቁረጡልኝ። አንተ ይህን ሳንቃ፣ ባሰመርኩት ላይ።»

ወንድምየው ትከሻውን ነቅንቆ በሬውን አነሣ። አንድ ጊዜ አጓርቶ ጨረሰው፤ ጠርዙ ላይ ስንጣሪው ቆሞ ቀረ።

«ይበቃል። አሁን እርስዎ አባባ። ይኸው ሁለተኛው፤ እዚህም አስምሬበታለሁ።»

ሚሊሜትር እጃቸው ወደ ፕላስተሩ ሄደ።

«ያለ ፕላስተር አባባ። ለቀብር እንቸኩላለን።»

«እሺ…» ሳንቃውን ወደ መስኮቱ ዞር አደረጉት። ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ዳሰሱት። «እሺ፣ አየሁት።» ፌንጣውን ዘረጉና ዲስኩን አስተካክለው አስቀመጡ።

መርማሪዋ መሰኪያውን ነቀለችው።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። «ጋሼ፣ መስመር እኮ የለም። ሳንቃው ላይ ምንም የለም።»

ሚሊሜትር ቀና አሉ። ማንን እንደሚያዩ አላወቁም።

«በዚህኛው ላይ መስመር አላሰመርኩም» አለች መርማሪዋ። አሁን፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ቆመች። «ከሥሩ ልንገራችሁ። ያ አግዳሚ የተቆረጠው ከኋላ ግድግዳው አራት ጣት ርቆ ነው። በግራው ቦታ ስለሌለ፣ ቆራጩ መጋዙን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የገፋው፤ ግድግዳው በቀኙ ሆኖ። በሬው ዲስኩ በግራ ነው፤ ሰፊው አካሉ በቀኝ። ግድግዳው በቀኝ ከሆነ አካሉ ይጋጭና ዲስኩ ስምንት ጣት ርቆ ይቀራል። አራት ጣት ድረስ አይጠጋም። በሬው ወጣ።»

ወንድምየው በሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከዚያ የእሷ አሻንጉሊት ነው የቆረጠው ተባለ። የቁርጡ ጥልቀት ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ያውም ከላይ ብቻ የተቆረጠ። አንቺ፣ የመጋዝሽ ዲስክ እስከ ስንት ይገባል?»

«አራት ተኩል። ከዚያ በላይ አይወርድም።»

«እንግዲህ እሱም ወጣ። የቀረው ፌንጣው ነው፤ ቀላል፣ ዲስኩ በቀኝ፣ ግድግዳ ጥግ የሚገባ። ፌንጣው ግን ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ጠፍቷል። ስለዚህ አግዳሚው የተቆረጠው ጠዋት ነው፣ ሦስታችሁም እታች እላይ ስታስጮኹ፣ አንድ መጋዝ ቢጨመር ማንም በማይሰማበት ሰዓት።» ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። «በስድስት ሰዓት እንግዲህ አግዳሚው ከተቆረጠ ሁለት ሰዓት አልፎታል። በላዩ ሳንቃ ተሸክሞ የቆመ ሰው ካለ፣ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ፌንጣዬን ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል» አሉ ሚሊሜትር። 

«ይችላል። ሌላ ሰው ግን አግዳሚ ለመቁረጥ አቧራ አይጠርግም፣ ፕላስተር አይለጥፍም። በቁርጡ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጣት ንጹሕ ቦታ አለ፤ ሙጫው አሁንም እጅ ይይዛል። መጀመሪያ ‹ለስንጣሪ ነው› ያሉኝን አመንኩ። ኋላ ግን፣ ሰው ለሚወድቅበት እንጨት ስንጣሪ ማን ይጨነቃል አልኩ። ለስንጣሪው አይደለም። በጥቁር እንጨት ላይ የእርሳስ መስመር አይታይዎትም። ነጭ ወረቀት ካልለጠፉ አያዩትም። ዓይንዎ ሄዷል አባባ።»

 ወንድምየው አፉን ከፍቶ ሚሊሜትርን ያያል፤ ሠላሳ ዓመት «ሚሊሜትር ዝንፍ አይልም» ሲል የኖረውን።

ሽማግሌው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ብቻ ነው ያወቀብኝ» አሉ። «ባለፈው ወር ዲስኩ ጣቴን ሊወስደው ፀጉር ያህል ሲቀረው አይቶኛል። ለማንም አልተናገረም። ከትናንት በስቲያ ጠርቶኝ፣ ‹ከሰኞ ጀምሮ መጋዙን ታስቀምጣለህ› አለኝ። ገና እየተናገረ ጥዬው ወጣሁ። መጋዝ ካስቀመጥኩ እኔ ማን ነኝ? ማን ይለኛል ሰዉ?» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ይሙት አላልኩም። እግሩ ይሰበር፣ ወር ሁለት ወር ይተኛ፣ ሰኞ አይምጣ ነው ያልኩት። ቆጡ ያን ያህል ከፍ ያለ አልመሰለኝም። ፈጣሪዬን!»

«በስድስት ሰዓትስ?» አለች ልጅቷ። ወደሳቸው አልቀረበችም። «በስድስት ሰዓት ደህና ነበር ያሉት ጋሼ? እኔ ብቻዬን እንደነበርኩ እያወቁ?»

«ጠዋት የወጣሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። አንቺን ይይዛሉ ብዬ አላሰብኩም።» እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። ቀጥለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከጠረጠሩሽ በኋላ ግን ዝም አልኩ። ያንን ምንም አልልበትም።»

መርማሪዋ ከኪሷ ሜትሩን አውጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ በአለቃ ኮት ኪስ ነበር። እሳቸው በሜትር አይለኩም። ቁጥሩን ያንብቡት።»

ሚሊሜትር ወረቀቱን ቀደዱ፤ ብረቱን ስንዝር ያህል ሳቡት። ዓይናቸውን ማጥበብ አላስፈለጋቸውም። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ብለው ቆሙ።

«መጋዙን ታስቀምጣለህ አሉዎት። ቀጥሎ ሊሉት የነበረውን ሳይሰሙ ወጡ። መቁረጡን ለልጆቹ ትተው፣ እርስዎ ይለኩ ነው። ዓይኑ ለደከመ ሰው ካልሆነ ይህን ማን ይገዛል?»

ሽማግሌው ሜትሩን ደረታቸው ላይ ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ለቅሶ የሚነገር አይደለም። ሃምሳ አለቃው ሰንሰለቱን ከወገቡ ፈታ፤ ከዚያ መልሶ አሰረውና በክንዳቸው ደግፎ አስነሣቸው። በር ላይ ሲደርሱ ሚሊሜትር ዞሩ።

«ወለሉ ልክ ነው» አሉ። «አንዴ ለክቼዋለሁ። ግጠሚው።»

 በሩ ሲዘጋ ልጅቷ የወለሉን ሳንቃ አነሣች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አንዲት ስንጣሪ የለበትም፤ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ወስዳ ከግድግዳው አስደገፈችው፤ ፊቱን አዙራ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አጎቷ። «ስምንት ሰዓት ሆኗል እኮ።»

«ሌላ እቆርጣለሁ።»

አዲስ ሳንቃ ጎትታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። ያለ ፕላስተር፣ በእርሳስ ብቻ አሰመረች። አሻንጉሊቱን አነሣች። አጎቷ፣ ሁልጊዜ የሚስቅባት ሰውዬ፣ ዞሮ የሳንቃውን ጫፍ በሁለት እጁ ያዘላት። መጋዙ ሲዝ ብሎ አለፈ። ጠርዙ ላይ ስንጣሪው ተነሣ። አጎቷ ከልምድ የአሸዋ ወረቀት ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

«ተወው አጎቴ» አለች። «አባቴ የኔን ስንጣሪ ያውቀዋል።»

መርማሪዋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። መሄድ ይገባት ነበር፤ ሌላ ጉዳይ ይጠብቃታል። የወደቀ ዱካ አነሣች፣ ተቀመጠች፣ ወለሉ እስኪገጠም ድረስም አልተነሣችም።